በአሌክሳንድሪያ ኮንሰርቲና ስጠግን

የጡረታ ፎርም ልሞላ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቢሮ የሄድኩ ዕለት፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ የተቀመጠችው ልጅ የመጨረሻ ሥራዬ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ።

«ኮንሰርቲና እጠግን ነበር» አልኳት።

«ኮንሰርት ያዘጋጁ ነበር?»

«አይ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የአኮርዲዮን ታናሽ እህት በያት።»

ፈገግ አለችና «የዕቃ ጥገና» ብላ ጻፈች። አልፈረድኩባትም። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሴቶችም «ዘነበች ፒያኖ ቤት ነው የምትሠራው» እያሉ ነው የሚያስተዋውቁኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲው ውስጥ ለተሳፈረ ሁሉ «ሚስቴ የእንግሊዞችን ወናፍ ትሰፋለች» ይል ነበር። ከሁሉም እሱ ይቀርባል። ግን ወናፍ አይሰፋም፤ ይለጠፋል። ያንን ባላውቅ ኖሮ ሥራውንም ባላገኘሁ ነበር።

አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ነበርኩ። ካርቶን መቁረጥ፣ የቆዳ ጠርዝ በስል ቢላ ማሳሳት፣ ሙጫ ማብሰል፣ ወረቀት በአጥንት እየተጫኑ ማጠፍ። አሜሪካ ስመጣ ይህን ሙያ የሚጠይቀኝ ሰው አላገኘሁም። መጀመሪያ ፓርኪንግ ካሸር ሆንኩ፣ ቀጥዬ ሆቴል አንሶላ ቀየርኩ፣ በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ድራይ ክሊን ውስጥ ሱሪ አሳጥርና ዚፕ እቀይር ጀመር። ሄለንን ያረገዝኩትም እዚያ ሳለሁ ነው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ ሰውዬ ገቡና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ይህን ልትሰፊልኝ ትችያለሽ?»

ዘረጋሁት። እጥፍጥፍ ያለ ጥቁር ካርቶን ነው፤ መታጠፊያው ሁሉ በስስ ቆዳ ተሸፍኗል፤ አንዱ ማዕዘን ተቀዷል። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተትኩት። ለስንት ዓመት ያልሸተተኝ የዱቄት ሙጫ ነበር።

«ይሄ አይሰፋም» አልኳቸው። «መርፌ ባለፈበት ሁሉ አየር ያስወጣል። የአዲሱን ቆዳ ጠርዝ አሳስቶ መለጠፍ ነው።»

«በምን?»

«በዱቄት ሙጫ። የጣሳ ሙጫ ካደረጉበት ይደርቅና ይሰነጠቃል።»

ሰውዬው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማን አስተማረሽ?»

«መጽሐፍ እጠርዝ ነበር።»

«ይህን ያሳየኋቸው ልብስ ሰፊዎች ሁሉ መርፌ ነው ያነሱት። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የጥገና ሱቅ አለኝ» አሉኝ። «እዚህ ከሚከፍሉሽ ትንሽ እጨምራለሁ። ለሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ የለኝም። ደረጃው ግን ይበዛል።»

ባለቤቴ ኢንሹራንስ የሌለው ሥራ ብሎ አንድ ሳምንት አኮረፈ። እኔ ግን በማግሥቱ ሄድኩ።

ሱቁ በአሮጌ የጡብ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነበር። ከኋላው መስኮት አንገትን ሰገግ ካደረጉ ወንዙ ይታያል። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ደንበኛ የሚቀመጥበት፣ የኋላው የሥራ ጠረጴዛ ያለበት። የሱቁ ባለቤት፣ እኚያው ሰውዬ፣ ሚስተር ዊልፍ ይባላሉ፤ ከእንግሊዝ ሰሜን ጫፍ፣ ከስኮትላንድ ድንበር ጥግ የመጡ ሰው ነበሩ። አባታቸው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ለእንግሊዞችም ይከብዳል፤ ለእኔ ግን ቀስ ብለው ስለሚናገሩ ከማንም በላይ ይገባኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ሁሉም «ዩ» ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር።

ኮንሰርቲና ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። ስድስት ማዕዘን ያላት፣ በሁለት እጅ የምትያዝ ሣጥን ናት። መካከሏ ወናፍ ነው፤ የአንጥረኛውን ወናፍ ያየ ሥራውን አይስተውም። ሁለቱ ጫፎቿ ላይ ቁልፎች አሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን አየር በአንዲት ስስ የብረት ምላስ ላይ ያልፍና ምላሷ ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፁ ያ ነው። ምላሷን ጫፏ ላይ በሞረድ ትንሽ ከፋቋት ድምጿ ከፍ ይላል። ሥሯ ላይ ከፋቋት ይወርዳል። ወዲያም ወዲህም ቢሉ ብረቱ ይቀንሳል። የተሞረደ አይመለስም። ሚስተር ዊልፍ ለስድስት ወር ወናፍ ብቻ አሠሩኝ፤ ሞረድ ያስያዙኝ ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያም በተጣሉ ምላሶች ላይ ነበር።

ሁለት ዓይነት ኮንሰርቲና አለ። አንደኛው ወናፉ ሲከፈትም ሲዘጋም ያው አንድ ድምፅ የሚሰጥ ነው፤ ስሙ «ኢንግሊሽ» ነው። ሁለተኛው ሲከፈት አንድ፣ ሲዘጋ ሌላ ድምፅ የሚሰጥ ነው፤ እሱን «አንግሎ» ይሉታል፤ ይህም ቃል እንግሊዛዊ ማለት ነው። እኔም ሁለቱም የእንግሊዝ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንግሎ ይዘው ደረጃውን የሚወጡት አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ አይሪሾች መሆናቸውን አየሁ።

«እንግሊዞችን አይወዱም ብለውኝ ነበር እኮ» አልኳቸው ሚስተር ዊልፍን።

ሳቁ። «መሣሪያውን ይወዳሉ። ስሙን ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠሩት።»

ቀስ በቀስ የሰውን አገር በወናፉ ማወቅ ጀመርኩ። የአይሪሾቹ ወናፍ ማዕዘኑ ላይ ያልቃል፤ ቶሎ ቶሎ እየከፈቱና እየዘጉ ስለሚጫወቱ ቆዳው ዕረፍት የለውም። የእንግሊዝ ጭፈራ የሚያጅቡት ደግሞ ደጅ ነው የሚጫወቱት። የእነሱን ስፈታ አቧራ፣ የሣር ፍሬ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ካርቶን አገኛለሁ። አንዴ የደረቀ ቢራ ውስጥ የተጣበቀች ንብ አግኝቻለሁ። ሚስተር ዊልፍ ንቧን በወረቀት ጠቅልለው ለባለቤቱ መለሱለት።

የሚናፍቀኝ ግን ይበልጥ የእሳቸው አሠራር ነው። ደንበኛው አንድ ዜማ ሳይጫወት መሣሪያውን አይፈቱም። እሱ ሲጫወት ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ሰዎች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ አንዳንዱ ተቀይሟቸዋል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ የሰውየውን ፊት ካዩ ሰውየው የሚመኘውን ድምፅ እንደሚሰሙ፣ ግድግዳውን ካዩ ግን ያለውን እንደሚሰሙ ነገሩኝ። ከዚያ በካርድ ላይ ይጽፋሉ። ማን፣ ከየት፣ ለጭፈራ ወይስ ለብቻው፣ ከቫዮሊን ጋር ወይስ ከዘፈን ጋር። የትኛው ድምፅ «ጠማማ»፣ ማለትም ከቅኝቱ ያፈነገጠ፣ እንደሆነና ጠማማነቱን ባለቤቱ ይወደው እንደሆን። ያን የመጨረሻውን መጠየቅ የማይዘነጉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሥራ ሲያልቅም በዕለቱ አይሰጡም። ያድራል፤ ጠዋት በትኩስ ጆሮ ይሰሙታል፤ ከዚያ ደንበኛው ይጠራል።

አንድ የፀደይ ቅዳሜ የእንግሊዝ ጭፈራ ቡድን መሪ የሆነ ሰው መጣ። እንደ ጭፈራቸው ልማድ ቅልጥሙ ላይ ቃጭል አስሯል፤ ደረጃውን ሲወጣ በቅሎ የምትመጣ ነበር የመሰለኝ። ተናድዶ ነበር።

«ለበዓሉ የለጠፉትን ማስታወቂያ አያችሁት? 'የኬልቲክ ሙዚቃ' ይላል፤ የአይሪሽና የስኮትላንድ ማለታቸው ነው። ከምንጫወተው ግማሹ የእኛ ነው። የእንግሊዝ ሲባል ማንም ቲኬት አይገዛም፤ ኬልቲክ ሲባል አዳራሹ ይሞላል!»

ሚስተር ዊልፍ ተነሱ። ከቁም ሣጥኑ አንዲት ትንሽ ባግፓይፕ፣ የአየር ከረጢት ያላት የዋሽንት ዘር፣ አወጡ። በአፍ አትነፋም፤ ክንድ ሥር የሚታቀፍ የራሷ ትንሽ ወናፍ አላት። ቁጭ አሉና ተጫወቱ። ድምጿ እንደ ትልቁ ባግፓይፕ አይጮህም፤ እንደሚንተከተክ ውኃ ነው።

«የት አገር ነው ይሄ?» አሉት።

«ስኮትላንድ» አለ ሰውየው። ትንሽ አሰበና «ወይም አየርላንድ።»

«እናቴ ቤት ጓሮ ነው። እንግሊዝ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አስረዱኝ። ድንበሩን ያሰመሩት ነገሥታት ናቸው፤ ዜማውን ያመላለሱት ግን ከብት ነጂዎቹ፣ ለአጨዳ የሚመጡት አይሪሾች፣ ዓሣ ልትከትፍ ከወደብ ወደብ የምትዞረዋ የስኮትላንድ ልጅ፣ ወታደሩ፣ ገረዷ። ከዚህ የሄደው እዚያ ስም ይወጣለታል፣ ከዚያ የመጣው እዚህ ሌላ ስም ይወጣለታል።

«እንግዲያው ልዩነት የላቸውም?» አልኳቸው።

«አላቸው እንጂ! አይሪሹ አንዱን ድምፅ ይጠቀልለዋል፣ ያሽከረክረዋል። የእኛ ሰው ደግሞ የጨፋሪው እግር እንዲነሳ አጥብቆ ይረግጠዋል። ዜማውን አትጠይቂኝ፤ ማን እንዴት እንደሚጫወተው ጠይቂኝ።»

ባለቃጭሉ ሰውዬ ኮንሰርቲናውን ሳያስጠግን ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

ይህን ክርክር ሁልጊዜ የሚያደምቁት ሚስስ ብራይዲ ነበሩ። ከአየርላንድ ምዕራብ የመጡ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በአገራቸው ኮንሰርቲና የሴት መሣሪያ ነው ይባላል። እናታቸው ገና ልጃገረድ ሳሉ እንግሊዝ ሄደው አንድ የገበሬ ቤት በገረድነት ሲያገለግሉ፣ እዚያ ለጭፈራ ከሚጫወት አናጢ አንዲት አሮጌ አንግሎ ገዝተው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ሚስስ ብራይዲም እሷን ነበር የሚጫወቱት። ሁልጊዜ የሚጫወቱት ዜማም የእናታቸው ነው፤ ዝግ ያለ፣ አንጀት የሚበላ።

«ይሄን አባቴ ለሠርግ ጭፈራ ነበር የሚጫወተው» ይላሉ ሚስተር ዊልፍ። «እናትሽ ከኮንሰርቲናዋ ጋር ከአናጢው ነው ያመጡት።»

«እናቴ ናት ለአናጢው ያስተማረችው» ይላሉ ሚስስ ብራይዲ። «እናንተ ደግሞ አፍጥናችሁ አበላሻችሁት።»

በዓመት ሁለት ጊዜ ይህ ይደገማል። ሁለቱም ይህን ቀን እንደሚጠብቁት አውቅ ነበር።

የዚያች ኮንሰርቲና ድምፅ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የተቃኘችው በድሮ ቅኝት ነው። ከዛሬዎቹ ከፍ ትላለች፤ አንዳንዱ ድምጿ ደግሞ በሁለት ድምፆች መካከል የተቀመጠ ይመስላል። በአንዳንድ ዜማ ትጎረብጣለች። በሚስስ ብራይዲ ዜማ ግን ሌላ ነበረች።

ሥራውን በጀመርኩ በሰባተኛው ዓመት የሚስተር ዊልፍ እህት አረፉና ሦስት ሳምንት ወደ አገራቸው ሄዱ። ሱቁን ለእኔ ትተው ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሚስስ ብራይዲ መጡ። ወናፏ አንድ ማዕዘን ላይ አየር ታስወጣለች፣ አንዲት ቁልፍም ተጭና አትመለስም።

«ይኸው ነው፣ ዘኒ» አሉኝ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቸኩለው ነበር፤ እኔም ተጫወቱልኝ አላልኳቸውም። ካርድም አልጻፍኩም።

ወናፉን በአንድ ቀን ጨረስኩ፤ ቁልፏንም አስተካከልኩ። ከዚያ እጄ አላርፍ አለ። በዚያ ወር ድምፅ የሚለካ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ገዝተን ነበር፤ መርፌዋ መሃል ላይ ስትቆም ቅኝቱ ትክክል ነው ማለት ነው። የሚስስ ብራይዲን ምላሶች አንድ በአንድ ሞከርኩ። አንዱም መሃል ላይ አልቆመም። ሚስተር ዊልፍ ሲመለሱ ብቻዬን ሙሉ ቅኝት መሥራቴን ያያሉ፣ ሴትዮዋም በነፃ ስሠራላቸው ይደሰታሉ ብዬ አሰብኩ። አራት ቀን ሞረድኩ። ምላሶቹን ሥራቸው ላይ እየፋቅኩ ድምፃቸውን አወረድኩ፤ በየመካከሉ የተቀመጡትን ድምፆች ሁሉ መርፌዋ ወደምትፈልገው ቦታ አስገባሁ። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሚስስ ብራይዲ መጥተው ኮንሰርቲናዋን ተቀበሉኝ። ማሰሪያዎቹ ውስጥ እጃቸውን አስገብተው የእናታቸውን ዜማ ጀመሩ። ሁለት መስመር ሄዱ። ቆሙ። ሦስተኛውን ሞከሩና መሃሉ ላይ ወናፉን ቀስ አድርገው ዘጉት።

«ይቺ ማን ናት?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። «ቅኝቷን አስተካከልኳት» አልኩ። «በነፃ ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም» አሉ። «ድምጿ የቀረኝ በዚህች ነበር።»

ኮንሰርቲናዋን ጠረጴዛው ላይ ትተው ደረጃውን ወረዱ።

እኔ ክራር ሲቃኝ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። አጎቴ የዘፋኟን ድምፅ ሳይሰማ አንድ ጅማት አያጠብቅም ነበር። ይህን እያወቅኩ የአንዲትን ሴት እናት በመርፌ ለካሁ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ «ብረት ነው፣ ያስተካክሉታል» አለኝ።

ሚስተር ዊልፍ በተመለሱ ቀን ኮታቸውን ሳያወልቁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮንሰርቲናዋን ከፈቱና ምላሶቹን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አዩአቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሉ። «አንድም የሞረድ ጭረት የለም።»

«ልሂድ?» አልኳቸው። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ነበር።

«የት ነው የምትሄጂው? ካንቺና ከእኔ ሌላ ማን አለ የሚመልሳት? መጀመሪያ ግን ሴትዮዋ ቤት ትሄጃለሽ። በስልክ አይደለም።»

ሄድኩ። ሚስስ ብራይዲ በር ከፈቱልኝ፤ ግን ግቢ አላሉኝም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። በነፃ ማለቴ ራሱ ስህተት እንደነበር፣ ያልታዘዝኩትን የሠራሁት ሚስተር ዊልፍ እንዲያሞግሱኝ ብዬ እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ እንዲያዳምጡን፣ ድምፁን እሳቸው እያስታወሱ እኛ እንድንሞክር ለመንኳቸው። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ደረጃው ላይ የእግራቸውን ኮቴ ሰማሁ።

ያን ክረምት ሙሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለዚያች ኮንሰርቲና ሆነ። ሚስስ ብራይዲ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሚስተር ዊልፍ ወደ ግድግዳው ዞረው ይቆማሉ። እኔ አንዲት ምላስ በሞረድ ሁለት ጊዜ ብቻ ፋቅ ፋቅ አደርግና መልሼ እከታለሁ። «ትንሽ ከፍ» ይላሉ። «አይ፣ አሁን አለፈ።» «ይሄኛው ማዘን አለበት፤ አሁን ግን ተቆጣ።» አንዳንዱ ምላስ በጣም ስለሳሳ ሌላ ብረት ቆርጠን አዲስ ሠራን። አንዳንድ ሐሙስ ምንም ሳይሳካ ይመሻል፤ እሳቸውም ሳይሰናበቱኝ ይሄዳሉ። በሚስተር ዊልፍና በእሳቸው መካከል የነበረው የዜማ ክርክር ያን ክረምት አልተነሳም። ጥፋቴ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ከዚህ ነው።

የመጨረሻው ሐሙስ ዜማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ሰማን። ሲጨርሱ እጃቸውን ከማሰሪያው አላወጡም።

«እናቴ አይደለችም» አሉ። «የእናቴ እህት ናት። አክስቴም ደግ ሴት ነበረች።»

ከዚያ ወደ እኔ አዩና «ነይ ሳሚኝ» አሉኝ። ሚስተር ዊልፍ ከግድግዳው ወደ እኛ ዞሩ። «ለማንኛውም ዜማው የአባቴ ነው» አሉ። ሦስታችንም እየሳቅን አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ከሩቅ ስቴት በፖስታ የሚልኩ ሁሉ ነበሩ። ሳይጫወቱልኝ አልፈታም፤ በፖስታ ለሚልኩት ስልክ እደውልና ድሮ የተጫወቱትን በቴፕ ቀድተው እንዲልኩልኝ አስቸግራቸዋለሁ። ሄለን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቁ እየመጣች ደንበኛ ክፍል ውስጥ ታነብ ነበር። በአማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ለሚስተር ዊልፍ ግን በእሳቸው የሰሜን አነጋገር ነበር የምትመልሰው። እኔ በልጄ እንግሊዝኛ ውስጥ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ሲናገር ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚስስ ብራይዲ ቀድመው አረፉ። ኮንሰርቲናዋን ከመሞታቸው በፊት ለወንድማቸው ልጅ ልከውላት ነበር፤ አሁን አየርላንድ ናት። ሚስተር ዊልፍ ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ሲላቸው ሱቁን ለእኔ አስረክበው ውድብሪጅ ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዬን እንኳን ሳልቀይር በ95 አውራ ጎዳና ወደ እሳቸው እነዳለሁ። የሳምንቱን ሥራ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ጠማማነቱን ይወደዋል ወይ? ጠየቅሽው?» ይሉኛል።

በኋላ ስትሮክ አገኛቸውና ንግግራቸው ተቆራረጠ። አንድ እሑድ የማወራው አልቆብኝ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እጄን ያዙና «ያንቺን» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «ያንቺን... አገር» አሉ እንደገና። ያን ሁሉ ዓመት ስንሠራ የእኔን ዜማ እሳቸው ጠይቀውኝ፣ እኔም ዘፍኜላቸው አናውቅም ነበር። እናቴ ወሎዬ ናት፤ ስትፈትል የምታንጎራጉራት በአምባሰል ቅኝት የሆነች አንዲት ዜማ አለች። እሷን ቀስ ብዬ አንጎራጎርኩላቸው። ድምፄ አያምርም፤ ግን እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ወደ ግድግዳው መዞር ስለማይችሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ። በደህናው በኩል ያለው የከንፈራቸው ጫፍ ተነሳ።

«እኛም ጋ... አለች» አሉኝ። «አፍጥናችሁ... አበላሻችኋት።»

በዚያው ወር አረፉ። ቀብራቸው ላይ አይሪሾቹም፣ ስኮትላንዶቹም፣ ባለቃጭሎቹም መጡ። የትኛው ዜማ ይቅደም በሚል ትንሽ ተጨቃጨቁና ሁሉም የሚያውቁትን አንዱን መረጡ። በሦስት ስም ነው የጠሩት።

ብቻዬን የሠራሁባቸው ዓመታት መጥፎ አልነበሩም፤ ግን ጸጥ ያሉ ነበሩ። ሥራ ጨርሼ ሳሳድር ጠዋት አብሮኝ የሚሰማ ሰው አልነበረኝም። አንዳንድ ቀን ሚስተር ዊልፍ መልስ እንደሚሰጡኝ ሁሉ ወደ ኋላው ክፍል «ይሄ እንዴት ነው?» እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ፔትዎርዝ የምትኖር ዶና የምትባል ሴት ሱቁን ትረከበኝ ዘንድ ማሠልጠን ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ የኖረች የአምሳ ዓመት ሴት ናት። ሞረድ አያያዟ ገና ስታነሳው ያስታውቃል። የራሷን ኮንሰርቲና ልታስጠግን መጥታ ነው የተዋወቅነው። ሥራው ላይ እንደኔ ቸኩላ አታውቅም፤ ያ ብቻ ለእኔ በቂ ነበር።

መሥራቴን የምቀጥል ነበር የመሰለኝ። በጋ ላይ ግን አንድ ደንበኛ የቃኘሁለትን ኮንሰርቲና ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። «ላይኞቹ ድምፆች ትክክል አይደሉም» አለኝ። እኔ ትክክል ናቸው አልኩት። ሄለን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ በስክሪኑ ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር አሳየችኝና ለዕድሜዬ ምንም እንከን እንደሌለው አጽናናችኝ። ቀጫጭኖቹን ድምፆች ብቻ ነው የማልሰማቸው። «ማሚ፣ ኢትስ ኖርማል» አለችኝ ሄለን መኪና ውስጥ። አውቃለሁ፤ ለሰው ኖርማል ነው።

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ዶና የአንዲት ትንሽ ኮንሰርቲና ቅኝት ትጨርስ ነበር። የኮንሰርቲናዋ ባለቤት ከግሪንቤልት የመጣ ዝምተኛ ደንበኛ ነው፤ ለእንግሊዝ ጭፈራ ያጅባል፣ ማክሰኞ ደግሞ ከአይሪሾቹ ጋር ይጫወታል። ጠዋት ተጫውቶልናል፤ ዶናም ካርዱን በራሷ እጅ ጽፋለች። የመጨረሻዋን፣ የላይኛዋን ምላስ ገጠመቻትና ቁልፏን ተጫነች። የወናፉን መንቀሳቀስ አያለሁ። ጣቷን አያለሁ። ለእኔ ግን ትንሽ የአየር ሽውታ ብቻ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቻለሁ። ልዋሻትም እችል ነበር፤ ሥራዋ ጥሩ ስለሆነ ውሸቱም አይታወቅም ነበር።

«አልሰማትም፣ ዶና» አልኳት። «ካንቺ ሌላ የሚሰማት የለም። አንቺ ወስኚ።»

ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ቁልፏን እንደገና ተጫነችና ጆሮዋን አስጠጋች። ብዙ ቆየች። እኔ ፊቷን እያየሁ ጠበቅኩ። ሞረዱን አነሳች፤ ጥቂት አሰበች፤ ሳትነካው መልሳ አስቀመጠችው።

«በቃት» አለች።

ኮቴን ለበስኩና ደረጃውን ወረድኩ።